ጠያቂ የበዛበት እግር

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን መድኃኒት ልክ አለው፤ አንድ ማንኪያ የሚያድነውን በሽተኛ ጠርሙሱን ሙሉ ብታጠጡት ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። በእኛ አገር ደግሞ ጠያቂ በማንኪያ አይለካም።

አባባ ግንበኛ ነው፤ ግንበኛው ተሰማ ይሉታል። ሐረር ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ የሽማግሌውን የአው ኡመርን ቤት ሲገነባ ከእንጨት መወጣጫው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አሰረው፤ ቆይቶም ፈታውና «አጥንቱ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ ቀስ እያሉ መራመድ ነው» ብሎ ሄደ። እልል አልን። አባባ ግን አልተራመደም።

ለምን አትሉም? ትከሻዬን ተደግፎ እግሩን መሬት ሲያስነካ በር ይንኳኳል። እማዬ «ተኛ፣ ተኛ! ሰው መጣ!» ትላለች። ዳቦ ተሸክሞ ከጊደር መጋላ ገበያ ማዶ ድረስ የመጣን ሰው ቆሞ መቀበል ነውር ነዋ! «ድሮስ ምን ሆነና?» ያሰኛል። ስለዚህ አባባ ይተኛል፤ ጋቢውን እስከ አገጩ ይስባል፤ ለወጉም ያህል ያቃስታል። ጠያቂው ከንፈሩን እየመጠጠ፣ እንዲሁ ወድቆ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ስለሚሄድ የአክስቱ ባል ያወራለታል። እሱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የራሱን የአክስት ባል ይዞ። በሐረር ያልወደቀ የአክስት ባል የለም።

አባባም እያደር የአክስት ባሎቹን አመነ። አንድ ቀን እግሩን በቅቤ ሳሽለት «ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ ግንበኛ አልሆንም መሰለኝ» አለኝ። ወጌሻው እግሩን ፈታለት እንጂ ፍርሃቱን አልፈታለትም ነበር።

አው ኡመር የመጡት በማግስቱ ነው፤ ባዶ እጃቸውን። አባባ እንደ ተኛ «ኖር!» አላቸው። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ሲገባ ለመነሳት እንቃጣለን፣ እሳቸው «አትነሱ» ይላሉ፣ ማንም አይነሳም። አው ኡመር ግን አትነሳ አላሉም። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። እማዬ «ኧረ ይቀመጡ!» ብትል አልሰሙም። አባባን ላብ አጠመቀው። ትከሻዬን ጨመደደና ተነሳ። ቆመ።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። «በል ተሰማ፣ አንተን የተኩት ልጆች ግንቤን እንደ ግመል ጀርባ እያጎበጡት ነው። ነገ ና።»

«አው ኡመር፣ መወጣጫውን እፈራለሁ» አለ አባባ።

«ማን ውጣ አለህ? መሬት ተቀመጥና ድንጋይ ምረጥላቸው። መውጣቱ ኢንሻ አላህ ልብህ ሲፈቅድ ነው።»

ሄደ። መጀመሪያ እኔን፣ ኋላ ምርኩዝ፣ ኋላ ግድግዳውን እየተደገፈ። እኛ ለተጎዳ ሰው ምግብ አምጥተን ሥራውን እንወስድበታለን፤ እሳቸው ምግብ ሳያመጡ ሥራውን መለሱለት።

ታዲያ ከድሬ ጠያራ የአባባ ታላቅ እህት ዶሮ ታቅፈው ደረሱ። አልጋው ባዶ ነው።

«ምን? ሳልጠይቀው ዳነ?» አሉ፣ እንደ ተበደለ ሰው።

ምን ላድርግ? ወደ ኤረር በር ወሰድኳቸው። አባባ ከድንጋይ ክምር አጠገብ ተቀምጧል። እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እግዜር ይማርህ፣ ወንድምዬ።»

«አሜን፣ እታለም» አለ አባባ። «እስቲ ያቺን ጠፍጣፋዋን ድንጋይ አቀብዪኝ።»

አቀበሉት፤ ዶሮዋን በአንድ ብብታቸው እንደ ያዙ።