ጋሽ ከማል በመቀስ የቆረጡት ወንዝ

አሁን አሁን ሰዉን ሁሉ ጥራት የሚሉት ነገር ይዞታል። ስልክ ሲገዛ ፎቶው ጥርት ይላል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ መደወሉን የሚጠይቅ የለም። ሠርግ የሚቀርጸው ልጅ «ኤችዲ ነው እኮ» ካለ ሙሽሪት ኩሏን ደግማ ትኳላለች፤ ኋላ ቪዲዮው ሲመጣ ከኩሉ ሥር ስታለቅስ ያደረችበት እብጠት አብሮ ይታያል። እኔ በበኩሌ ኤችዲ የሚባለውን ነገር ስሙን ከመስማቴ በፊት ነው የማውቀው። ሰፈሬን ስንት ዘመን ያየሁት በእሱ ነው። የማን በር መቼ እንደተከፈተ፣ በማን ገመድ ላይ የማን ሸሚዝ እንደተሰጣ፣ ከደዶ የመጣው የማን ድንች ለማን ሳይደርሰው እንደቀረ፣ ቴሌቪዥን ሳልከፍት አያለሁ። ወሬኛ የሚሉኝ አሉ። ወሬኛ አይደለሁም፤ ዓይን አለኝ። ያየሁትን ደግሞ ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ንፉግነት ይመስለኛል።

እና እንዲህ አጥርቼ የማየው እኔ፣ በመሠረተ ትምህርት ከቆጠርኩት ፊደል ሌላ ባይኖረኝም ዓይኔን የምተማመነው ሴትዮ፣ ሃያ ስንት ዓመት አፍንጫዬ ሥር የተቀመጠ ነገር አልፎኝ ኖሯል። እሱን ላጫውታችሁ ነው።

ከጋሽ ከማል ጋር የምንለያየው በአንዲት የቆርቆሮ አጥር ነው። በደርግ ጊዜ የከተማችን ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ፤ አሁን እህል ይከማችበታል። እሳቸው ግን ዛሬም ግድግዳ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ካዩ ቀና ብለው ምንጩን ይፈልጋሉ። አምና ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸውና ሐኪሞች ገፈፉላቸው። ልጃቸው ዘሀራ እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም የምትጭን ናት። አባቷ ፋሻው ሲፈታላቸው ምን ላሳያቸው ብላ ስታስብ ከረመችና አንድ ቀን እየሮጠች መጣች።

«እትዬ ወርቄ! ያንን የአባዬን የጦርነት ፊልም አገኘሁት! ፈረንጆቹ አድሰውታል። ከየአገሩ የተረፈውን ቅጂ ሰብስበው፣ ጭረቱን አንድ በአንድ ጠግነው፣ በአንዱ የጎደለውን ከሌላው ሞልተው፣ ኤችዲ አድርገውታል። እሁድ ከሰዓት እንኳን ዓይንዎ በራ ለማለት ለሚመጣው ሰው ሁሉ እከፍተዋለሁ።»

አባትና ፊልም በአንድ ሳምንት ታጠቡ፤ ደስ አይልም? ደስ አለኝ። ወዲያው ነጠላዬን አጣፍቼ ሰፈሩን ዞርኩ። መጀመሪያ የነገርኩት ለእትዬ በላይነሽ ነው።

ስለ ፊልሙ ትንሽ ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። የማን አገር ፊልም እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚናገሩትንም የሚሰማ በከተማችን አልነበረም። ሲኒማ ቤቱ ፊልም የሚያሳየው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ይሄኛው ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚመልሰው ጠፍቶ እዚያው ቀረ፤ ሌላ ፊልም ባልመጣ ቁጥር እሱ ይታያል። አንድ ለጋ ወታደር አለ። ሥራው መተኮስ አይደለም፤ ትልቅ የወጥ ድስት በበቅሎ ጭኖ ምሽግ ውስጥ ላሉት ማድረስ ነው። ኮፍያው ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጣመማል። ሁሉም ይተኩሳል፣ እሱ ወጡ እንዳይፈስ ይጨነቃል። በመጨረሻ ወንዝ ይመጣል። በወዲያ ማዶ የተራቡ ጓደኞቹ፣ በወዲህ እሱና በቅሎዋ። ይገባል። ውኃው ደረቱ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ፊልሙ አንዴ ዘለል ይልና ደወል፣ ባንዲራ፣ ጭብጨባ፣ ወታደሮች ሲመለሱ እናቶች ሲያቅፏቸው። አለቀ። እኛም እናጨበጭባለን። ከሚተቃቀፈው ሕዝብ መሃል አንድ የተጣመመ ኮፍያ ከሩቅ ብዥ ብሎ ይታያል፤ «ያ ነው! ያውና!» እንላለን። ልጁ ተመልሷል።

እትዬ በላይነሽ ያንን ፊልም በታየ ቁጥር ነበር የሚያዩት። አንድ ልጃቸው ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ አልተመለሰም። ወረቀት አልመጣ፣ ሰው አልመጣ። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ ሁሉ እግሩ እንደመራው ወደየቤቱ ሲገባ ስንት ቀን መናኸሪያ ቆመው እንደዋሉ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አብሬ ቆሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ግርማ አንስተው አያውቁም፤ እኛም አላነሳንም። እኔም ለራሴ፣ ያቺ የተጣመመች ኮፍያ ናት ይቺን ሴት ያቆመቻት እል ነበር። ወንዙን የተሻገረ ልጅ አይተዋል፤ የእሳቸውም አንድ ቀን ይሻገራል።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ከማል በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«ወርቄ፣ ማሎ፣ እባክሽ ቀረብ በይ። በላይነሽን ጠራሻት አሉ?»

«መጀመሪያ እሳቸውን ነዋ! ደስ ብሏቸዋል።»

«ያ ረቢ!» ብለው አጥሩን ያዙ። «ስሚ፣ ወላሂ ለሰው ነግሬው አላውቅም።»

«ታዲያ ለእኔ ሊነግሩኝ ነው? ጋሼ፣ እኔ እኮ ወርቄ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ግን የጠራሻት አንቺ ነሽ፤ መላውንም አንቺ አምጪ።»

ለካ ያ ልጅ ወንዙን አልተሻገረም።

እውነተኛው ፊልም ላይ ጥይት ይተኮሳል፤ በማዶ በቅሎዋ ድስቷን እንደተሸከመች ብቻዋን ትወጣለች። ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ዝናቡ ጅማን ሊወስዳት ስለነበር ከጥቂት ጎረምሶች በቀር ያየው የለም፤ ጎረምሶቹም አብዛኞቹ በዚያው ሳምንት ከግርማ ጋር በአንድ መኪና ተጫኑ። በሁለተኛው ቅዳሜ ጋሽ ከማል የመጀመሪያውን ጥቅል አስነስተው በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ ወደ ታች ሲያዩ፣ እትዬ በላይነሽ ሦስተኛው መስመር ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«የዚህች ሴት ልጅ በዚህ ሳምንት ነው የሄደው፤ እኔ ዛሬ ወንዝ ልጨምርላት? አልኩ። የመጨረሻው ጥቅል ገና ጠረጴዛ ላይ ነበር። መቀስ አነሳሁ። ሦስት ደቂቃ አትሞላም፤ ቆረጥኩና በፕላስተር አያያዝኩት። ኋላ ልመልሰው አስቤ ነበር። ግን ስታጨበጭብ አየኋት።»

አሁን ደግሞ ፈረንጆቹ የጎደለውን ሞልተው ልከውታል። ፊልሙ ይቅር እንዳይባል ዘሀራ የአባቷ ዓይን እስኪገለጥ ጠብቃ ያመጣችው ስጦታ ነው፤ ሰዉም ተጠርቷል፤ የጠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። መላውን ማሰብ አለብኝ አልኩና አሰብኩ። የጋሽ ከማል ቤት መብራቱንም ቴሌቪዥኑንም የሚያጠፋው ዋና ማጥፊያ ከሳሎኑ በር ኋላ ነው። እኔ እዚያ ጋ በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። ልጁ ወንዙ ውስጥ ሲገባ፣ ድርግም። በጅማ መብራት ጠፋ ቢባል ማን ይጠረጥራል?

ሁለት ቀን ምስጢር ጠበቅሁ። ሆዴ እንዴት እንደነፋኝ አትጠይቁኝ። ቅዳሜ ማታ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መብራት እንዲጠፋ ተሳልኩ። ለእኔ ሥራ ሳይተርፍ በራሱ ቢሄድ ምናለበት? እሁድ ደረሰ። የእኛ ሰፈር መብራት፣ ለልደትም ለአረፋም የማይቆየው መብራት፣ ያን ቀን ጥርስ ነክሶ ዋለ።

ሰዉ ሙዙንም አቮካዶውንም ይዞ መጣ፤ ከየቡ ከተማ የመጡ የጋሽ ከማል ዘመዶች ማር አምጥተዋል። እትዬ በላይነሽ ነጭ ለብሰው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ፊልሙ ተጀመረ፤ ከእኛ መሃል ፊልሙን ያውቅ የነበረ ሁሉ አፉን ከፈተ። የአዛዡ ጢም በማጣበቂያ የተለጠፈ መሆኑ ታየ። የሞተው ወታደር ሆዱ ሲተነፍስ ታየ። ከሁሉ የገረመን ደግሞ ሰማዩ ነው። እኛ ዘመኑን ሙሉ ያ ፊልም ከዳር እስከ ዳር ዝናብ የሚዘንብበት መስሎን ነበር፤ ለካ ጭረት ኖሯል። ጅማ ላይ ሆነን እያየን ማን ይጠርጥር?

ሰዉ ይስቃል። እኔና ጋሽ ከማል ብቻ አንስቅም።

ወንዙ መጣ። ልጁ ኮፍያውን ወደ ግራ አጣመመና የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። እኔ ቀስ ብዬ ተነስቼ እጄን ከበሩ ኋላ ሰደድኩ፤ ማጥፊያውን ጣቴ አገኘው። ጋሽ ከማል በመነጽራቸው ሥር ወደ እኔ ያያሉ። ውኃው ጉልበቱ ደረሰ። ወገቡ ደረሰ።

«ወርቄ፣» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ፣ «እጅሽን ከዚያ አንሺና ቁጭ በይ። በቅሎዋ ብቻዋን ስትወጣ እንያት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በርጩማው ላይ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ተኩሱ ተሰማ። በማዶ በቅሎዋ ወጣች። ድስቱ እንደታሰረ ነው። ከሆዷ ሥር የሚወርደው ውኃ ጠብታው አንድ በአንድ ይታይ ነበር፤ ጥራት የሚሉት ይሄ ነው እንግዲህ። ቆማ ወደ ወንዙ ዞራ አየች። ከዚያ ደወሉ፣ ባንዲራው፣ ጭብጨባው መጣ። ከሕዝቡ መሃል ያ የተጣመመ ኮፍያም መጣ፤ ጥርት ብሎ። ሽበታም ሽማግሌ ነበር።

ማንም አላጨበጨበም።

«ታውቂ ነበር?» አሉ ጋሽ ከማል። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግርማ ነገረኝ እንጂ። በመጀመሪያው ቀን አይቶት፣ በስብሶ መጣ። ድስቴን በጀርባው አስሮ፣ እንደ በቅሎዋ ሆኖ ማድ ቤቱን እየዞረ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳየኝ። መጨረሻው ላይ ዞር ብሎ ያያል፤ ልክ እንደ እሷ። ዓይኑ እንባ ሲሞላ ጭሱ ነው አለኝ። በዚያው ሳምንት ሄደ። እኔም ልጄ ያየውን ልይ ብዬ መጣሁ። ወንዙ ላይ ስንደርስ ልቤን ይዤ ብጠብቅ በቅሎዋ የለችም። ልጄ አይዋሸኝም። ወደ ኋላ ዞር አልኩ። በዚያች ቀዳዳ አንድ ዓይን አየሁ። ፊልሙን አይደለም የሚያየው፤ እኔን ነው።»

«ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ጊዜ አጨበጨብሽ?»

«አንተን እንዳላሳፍርህ ነዋ፣ ከማል! ሳጨበጭብ ያቺ ዓይን ከቀዳዳው ትነሳለች፤ ያኔ ተረጋጋ እላለሁ። ደግሞስ ልጄን የሚያስብ አንድ ሰው ከኋላዬ እንዳለ እያወቅሁ መቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር።»

እኔ ነገር ማሳለፍ አልችልም። «ኮፍያውስ፣ እትዬ? ያውና እንል የነበረው?»

«ኮፍያው ያንቺ ነው። ያውና ብለሽ የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ደስታሽን ሳየው አሳዘንሽኝ፤ አዎ አልኩ።»

ይኸውላችሁ። እኔ የእሳቸውን ተስፋ ስጠብቅ፣ ለካ የሚጠበቀው የእኔ ኖሯል።

«ቁራጩን ጣልከው?» አሉ እትዬ በላይነሽ ወደ ጋሽ ከማል ዞረው።

ጋሽ ከማል ተነሱ። ጓዳ ገብተው የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ውስጡ የተጠቀለለ የፊልም ቁራጭ ነው። ዘሀራ መጋረጃውን ገለጠች፤ እትዬ በላይነሽ ቁራጩን ዘርግተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። ጥፍር የምታክል በቅሎ፣ ከሥሯ ሌላ በቅሎ፣ ከሥሯ ሌላ፤ ሁሉም ከውኃ እየወጡ።

«ጭረት የለውም፣» አሉ ጋሽ ከማል። «ከተቆረጠ ወዲህ ማሽን ውስጥ አልገባም። እዚህ ከመጣ አንዴ ብቻ ነው የታየው።»

«ግርማዬ ባየው ቀን።»

«አዎ። በዚያ ቀን ብቻ።»

ዘሀራ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ «እማማ፣ ይስጡኝ፤ አዲስ አበባ ልኬ አሳጥቤ ኤችዲ ላስደርግልዎ፣» አለች።

«አይሆንም፣ ሃዳ ኮ፣ እናቴ። እሱ ያየው ይሄን ነው። እንዳለ ይቀመጥ።»

ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይዘውት ሄዱ። ጋሽ ከማል እስከ በሩ ሸኟቸው፤ እነዚያ የተገፈፉ ዓይኖቻቸው በሳምንታቸው ማልቀስ እንደማይገባቸው ሐኪሙ ነግሯቸው ነበር፤ አልሰሙም።

አሁን ያ ቁራጭ በእትዬ በላይነሽ መስኮት ላይ፣ ከግርማ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ወንበራቸውን ወደዚያ አዙረው ይቀመጣሉ። ወደ መርካቶ ስወጣ መንገዴ በዚያ ነው። በሰው መስኮት አጮልቄ ሳላይ አልፌ አላውቅም፤ እዚያ ጋ ስደርስ ግን መሬት መሬቱን እያየሁ አልፋለሁ። ቀጣዩ ቤት እስክደርስ ድረስ።