ለሲስተር ሉባባ የሰጠሁት ውጤት

ነጋዴን በዕቃው፣ ወጥ ሠሪን በበላተኛው፣ መምህርን በተማሪው እንመዝናለን። ሐኪምንም ያው ባዳነው ሰው ነው። «እሱ ዘንድ ሂድ፣ የእገሌን ልጅ ከሞት አፋፍ የመለሰ ነው» እንባባላለን። እስካሁን የሚያስቸግር ነገር የለም። የሚያስቸግረው ደንበኛው በሙሉ የሚሞትበትን ሥራ መመዘን ነው። አንድም የዳነ የለም፤ ገበያ መሀል ቆሞ «እኔ ምስክር ነኝ» የሚል የለም። እንዲያውም ወሬው ሲወራ «ነርሷ በመጣች በወሩ ሞተ» ነው የሚባለው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ለእንዲህ ያለው ሥራ ከመቶ ስንት ትሰጣላችሁ?

እኔ ሰጥቻለሁ። ተሳስቼም ሰጥቻለሁ።

ሰይድ እባላለሁ፤ የመርሳ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በትምህርት ሥራ ጨርሼ፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት በሱፐርቫይዘርነት ሀብሩ ወረዳን ከጫፍ ጫፍ ዞሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሱፐርቫይዘር ማለት፣ ለማያውቀው፣ የክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ደብተር ይዞ ተቀምጦ መምህሩን ላብ በላብ የሚያደርግ ሰው ነው። ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መሻሻል ያለበት። ጡረታ ሥራዬን እንጂ አመሌን አልወሰደብኝም። ሚኒባስ ስሳፈር ሾፌሩን፣ ሰርግ ስጠራ ወጡን፣ ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑን በሆዴ አርማለሁ። ባለቤቴ አስካለ «ለእኔስ ስንት ሰጠኸኝ?» ትለኛለች። አልነገርኳትም። ሰው በሰላም መኖር አለበት።

አባቴ፣ አገሩ ሁሉ አባባ ይማም የሚላቸው፣ በመስኖ ማንጎና ፓፓያ ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ሰማንያን ካለፉ በኋላ ምግብ አልወርድ ቢላቸው፣ ሰውነታቸውም ቢከዳቸው ወልድያ ወስደን አስመረመርናቸው። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ለመዳን ጊዜው አልፏል፤ ቤታቸው ሆነው ሥቃያቸውን ማስታገስ ነው የሚሻለው» አለኝ። በሽታው ሁለት ቃል ነበር። እኔ አንዱን ኮሪደሩ ላይ ጥዬ በአንዱ ብቻ ወጣሁ። «ጨጓራ ነው አሉ» አልኳቸው። «ጨጓራ ምን አላት» አሉ አባቴ፤ ወደ መርሳ ተመለስን።

አትፍረዱብኝ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ለታማሚ በሽታውን መንገር ሰውየውን በቁሙ መገነዝ ይመስለናል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠያቂ በመጣ ቁጥር በር ላይ ይመከራል፤ ተመክሮ ይገባና «ጨጓራ እኔንም አስቸግራኝ ነበር፣ ተልባ ነው ያሻረኝ» ይላል። አባቴም «ተልባ ደግ ነው» ይላሉ።

በእኔና በአባቴ መሀል ደግሞ ሳይነሳ የኖረ ነገር ነበር። አስካለን ሳገባ ሰርጌ ላይ አልተገኙም። አስካለ የወልድያ ልጅ ናት፤ ክርስቲያን ናት። ለወሎ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ጾም የሚጾምበት ቤት ሞልቷል። ግን ለጎረቤት ልጅ የቀለለ ሁሉ ለገዛ ልጅ አይቀልም። የሰርጉ ዕለት ጠዋት አባቴ አህያቸውን ማንጎ ጭነው «ሐራ ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብለው ወጡ፤ የተመለሱት ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም። ችግሩም ይኸው ነው፤ ተጣልተን ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀን ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ተከባብረን ኖርን። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ማንጎ ለአስካለ ይልኩላታል፤ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ከመሄዳቸው በፊት አንዲት ቃል ልሰማ እፈልግ ነበር። ለማንሳት ግን «አባባ፣ ጊዜ የለንም» ማለት ያስፈልገኛል። ጨጓራ ለያዘው ሰው ደግሞ እንዲህ አይባልም።

ወልድያ ውስጥ፣ የማይድን ሕመምተኛ ዘንድ ቤቱ ድረስ ነርስ የሚልክ ማኅበር አለ። ሆስፒስ ይሉታል። ሰኞና ሐሙስ ወደኛ የምትመጣው ሲስተር ሉባባ ነበረች፤ አጠር ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ጠብቄ መመሪያ ሰጠኋት።

«ሲስተር፣ አባታችን በሽታቸውን አያውቁም። እንዳያውቁም።»

«እሺ ጋሼ። ካልጠየቁኝ አልነግራቸውም።»

«ከጠየቁሽስ?»

«ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም።»

ደብተሬን አወጣሁ። ምስጢር አጠባበቅ፦ መሻሻል ያለበት።

በዚህ ተጀመረ። እጇን ስትታጠብ አየሁ፤ በጣም ጥሩ። ሰዓት አከባበር፣ ጥሩ፤ ጥፋቱም የሚኒባሱ ነው። ከዚያ ግን ጫማዋን አውልቃ አባቴ አጠገብ ቁጭ አለችና ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ማንጎ ማዳቀል ማውራት። ሙቀት አልለካች፣ ደረት አላዳመጠች። የጊዜ አጠቃቀም፦ መሻሻል ያለበት። እያወራች እጃቸው ሆዳቸውን የት ጋ እንደሚጫን፣ ጎናቸውን ሲቀይሩ ትንፋሻቸው የት ላይ እንደሚያዝ ትመለከት እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ደግሞ አጠያየቋ። እኛ ሁላችን፣ ልጅም ጎረቤትም፣ የምንጠይቃቸው «ተሻለዎት?» ብለን ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «አልሐምዱሊላህ»። ሰው አመመኝ ብሎ ጠያቂውን ማሳዘን አይፈልግም። እሷ ግን «ትናንት አሱር ሰግደው ሲነሱ የቱ ጋ ያዝዎት?» አለቻቸው። አባቴ በጣታቸው እያሳዩ «እዚህ ጋ ወጋኝ፤ ጀርባዬ ድረስ ዘለቀ» አሉ። እኔ ከወር በላይ አጠገባቸው ተቀምጬ ይሄን አልሰማሁም።

ሞርፊን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ ስታመጣ ተቃወምኩ። «ሱስ ቢሆንባቸውስ?» አልኳት፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት ለሞላቸው ሰው። አልሳቀችም። መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የሚያመጣውን ድርቀት ሳይቀር እያንዳንዱን አስረዳችኝ። በሦስተኛው ቀን አባቴ በጎናቸው ተኝተው አደሩ፤ ጠዋት ራሳቸው አጥሚት ጠየቁ። ይሄን «በጣም ጥሩ» ውስጥ ጻፍኩት፤ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሁላችንንም ከክፍሉ አስወጥታ ከሳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት በር ዘጋች። ግልጽነት፦ መሻሻል ያለበት።

ከዚያ በኋላ አባቴ አንድ ነገር አመጡ። የሚጠይቃቸውን ሰው ሁሉ ሲሸኙ እጁን ይዘው «አፉ በለኝ» ማለት። በኛ አገር እስላሙ አፉ በሉኝ ሲል ያወቀውንም ያላወቀውንም በደል ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። በመስኖ ውኃ ተራ የተጣሏቸውን የግራና ከተማ ሰውዬ ሳይቀር አስጠርተው አፉ ተባባሉ። ሽማግሌ ያበዛዋል ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ ግን ቅር አለኝ። ጎረቤቱ፣ ሩቅ ዘመዱ፣ የውኃ ተራ ባላጋራው ሁሉ ተዳርሶት እኔን ግን አንድም ቀን አላሉኝም። እኔ ከውኃ ተራ አንሼ ነው?

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ እግራቸው አብጦ ነበር። ሲስተር ሉባባ ጥግ ላይ ደብተሬን ይዤ ወደተቀመጥኩበት መጣችና ቅባቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ዛሬ እርስዎ ያሹላቸው። ከታች ወደ ላይ፣ በስሱ» ብላ አስካለን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። መምህር ጠመኔውን ለሱፐርቫይዘር ሰጥቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ምን ላድርግ፣ ተንበረከክሁ።

የአባቴን እግር ነክቼ አላውቅም ነበር። ጥቂት እንዳሸሁ ከላይ ድምፃቸው መጣ።

«ስንት ሰጠሃት?»

«ለማን አባባ?»

«ለልጅቱ ነዋ። ጥግ ተቀምጠህ ስትጽፍ አይህ የለ።»

«መካከለኛ» አልኩ። ዋሽቼ ነው፤ ከመካከለኛ በታች ነበር።

«ምን አጠፋች?»

«ምስጢር የምትጠብቅ አልመሰለችኝም።»

አባቴ ሳቁ። ሆዳቸውን ስለሚያማቸው በአፍንጫቸው ነበር የሚስቁት። «ሰይዶ፣ በር ላይ ስታስጠነቅቃት ሰምቻለሁ። በሽታው የያዘው ጨጓራዬን ነው፤ ጆሮዬን አልነካውም። እኔም በኋላ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ከዚያ ‹ማወቄን ልጄ እንዳይሰማ፣ እሱ ሆደ ባሻ ነው› ብዬ አደራ አልኳት። ይኸው ጠበቀች። ሌላ ምን ምስጢር ትጠብቅልህ?»

እጄ እግራቸው ላይ ቀረ።

«አንተ ብታውቅ ይሻላል ብላ ስትመክረኝ ከርማለች» አሉ። «የቀረኝ ሥራ አንተ ነህ። ሁሉንም አፉ አስብያለሁ። አንተን ካልኩህ ግን ሟች መሆኔን ማወቄን ታውቃለህ ብዬ ፈራሁ።»

ማሸት ቀጠልኩ።

«ያን ቀን ሐራ አልደረስኩም» አሉ። የቱን ቀን ብዬ አልጠየቅሁም። «ሲሪንቃ ላይ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ሙሽራዋን ይዛችሁ ከወልድያ ስትመጡ ሁለት መኪና ነበራችሁ፤ አንተ ፊተኛው ላይ ነበርክ። ልነሳ አልኩ፣ እልህ ያዘኝ፣ እግሬ እንቢ አለ። ስታልፉ ማንጎውን አወረድኩና ለመንገደኛው አደልኩት። ምንድነው ነገሩ ሲሉኝ፣ ልጄን እየዳርኩ ነው እላለሁ። እስኪያልቅ አደልኩ። ባዶ አህያ ነድቼ ገባሁ።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። «አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

አልኳቸው። እጄ ቅባት በቅባት ስለነበር ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም። «አንቱም አፉ በሉኝ» አልኩ፤ በየዓመቱ ለአስካለ ከሚልኩላት ማንጎ አንዲት እንኳ በልቼ አላውቅም ነበርና። «አውቃለሁ» አሉ። «አስካለ ነግራኛለች። እሷን አፉ ካስባልኩ ሦስት ሳምንቴ ነው።»

ለካ አባቴ በሽታቸውን ማወቃቸውን አስካለም ታውቃለች። ጎረቤቱም ያውቃል፤ ስለ ተልባ የሚያወራው ለእኔ ብሎ ነው። በዚያ ቤት ይሄ ያልተነገረው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ደብተር ይዟል።

አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆዩ። እንደዚያ ያሉ አሥራ አንድ ቀናት በዕድሜዬ አላየሁም። ተኝተው ማንጎ ማዳቀል አስተማሩኝ፤ አበላሽቼ ሳሳያቸው በአፍንጫቸው ይስቃሉ። የሄዱት አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሥቃይ ሳይኖርባቸው፣ ሸሃዳቸውን ብለው ነው። ሲስተር ሉባባ ያን ዕለት እንደ ቤተሰብ ቆመች፤ እኔም እሷን ሳይ አለቀስኩ፤ ካስተማሯት እናትና አባቷ ጀምሬ መረቅኋት።

ማኅበሩ በኋላ ቅጽ ላከ፤ አገልግሎታችንን መዝኑልን ይላል። አስተያየት የሚለው ቦታ አልበቃ ብሎኝ በጀርባው ቀጠልኩ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁና አስታማሚ ብትመርጡ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይሰጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ተገቢ ነው። ግን ሰውየው ሊናገር የፈራውን ነገር ለመስማት ጊዜ አለው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ይህን መጠየቅ አላወቅሁም ነበር፤ አላህ ግን ያልጠየቅሁትን ሰጠኝ። አመሰግነዋለሁ፤ እሷንም አመሰግናታለሁ።

ቅጹን ከላክሁ በኋላ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ገባብኝ። ግራና የሚያስተምር መምህር ታደሰ የሚባል ሰው ነበር። ክፍል ሲገባ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ማን ቁርስ አልበላም፣ የማን እናት ታመመች እያለ ልጆቹን ይጠይቃል። ለዚህ ነው «የጊዜ አጠቃቀም፦ መሻሻል ያለበት» ብዬ ለእድገት በሚመዘንበት ዓመት መጥፎ ውጤት የሰጠሁት። ሚኒባስ ተሳፍሬ ግራና ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁትና እጁን ይዤ «መምህር፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምነው ጋሽ ሰይድ፣ ሐኪም ምን አሉዎት?»

ደህና ነኝ አልኩት። አብራራሁ። ባብራራሁ ቁጥር ይበልጥ አዘነልኝ፤ ሚኒባስ ድረስ ደግፎ ሸኘኝ።

በማግስቱ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ፓፓያ የያዘ፣ ማር የያዘ፣ ዱዓ የሚያደርግ፣ ጠበል በጠርሙስ ያመጣ። አንዱ የድሮ ርዕሰ መምህር ነው፤ በአንድ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ያዋረድኩት። በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስካለን «ነግራችሁታል ወይስ አልሰማም?» ሲላት ይሰማኛል።

ተነስቼ ጤነኛ መሆኔን ላስረዳ አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። ትራሴን አስተካክዬ ጋደም አልኩና «ይግባ» አልኩ። ያስቀየምኩት ሰው ሁሉ በእግሩ እየመጣልኝ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረኛል።