ጋሽ ቀስ እና ዝም ያለችው ሚሞሪ ካርድ

በየመሥሪያ ቤቱ «ቀስ!» ባይ አንድ አይጠፋም። ሕንጻው እየተቃጠለ ነው ቢሉት እንኳ በየትኛው ደረጃ መውረድ እንደሚሻል ቆሞ ያሰላል። የእኛ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል ደግሞ ክቡርነታቸው ጋሽ ቀስ አሉለት።

ሽቦ ባያያዝን ቁጥር «ቮልቱን ለካችሁት?» ይላሉ። ለክተናል ስንላቸው «እስቲ ድገሙት።» «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሏትን ተረት ከመደጋገማቸው የተነሳ፣ «እንቁላሉ እኮ ጡረታ ወጣ!» እያልኩ ቤት ውስጥ አሾፍባቸው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ቀልዱ አለቀ። ነርሷ እህቴ በምትሠራበት ክሊኒክ የክትባት ማቀዝቀዣው ሞቆ ክትባቱ ተበላሸ። «ሰኞ ጠዋት በሩን ክፍት የተውሽው አንቺ ነሽ» ተብላ ከሥራ ልትባረር ነው። ሙቀቱን በየአሥር ደቂቃው የሚመዘግበው መሣሪያ ተቃጥሏል፤ የተረፈችው ሚሞሪ ካርዷ ብቻ ናት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ካርዷን ከክሊኒኩ አምጥቼ የወርክሾፑ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁ። «ፎርማት ይደረግ?» ሲለኝ በጥድፊያ «አዎ»ን ልጫን ስል ጋሽ ቀስ እጄን ለቀም አደረጉት።

«ኧረ ልታጠፋት ነው! መሣሪያው በራሱ አጻጻፍ ነው የጻፈባት፤ ኮምፒውተር አይገባውም። በማይክሮኮንትሮለር፣ በዚያች አንተው ኮድ በምትጽፍላት ትንሽ ቺፕ አንብባት።»

ሽቦዎቹን አያይዤ ጠየቅኋት። ዝም። ሽቦ ቀየርኩ። አሁንም ዝም! ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆነ፤ ላብ አጠመቀኝ።

«በስንት ፍጥነት ነው የጠየቅሃት?» አሉኝ።

«በመጨረሻው ነዋ! ጊዜ የለንም እኮ ጋሼ!»

«አይ አንተ! ገና አሁን መብራት ያገኘችን ካርድ? ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እንዲህ ይጣደፋል? መጀመሪያ ቀስ ብለህ ሰላም በላት። ከመለሰችልህ በኋላ እንዳሻህ ሩጥ።»

ኮዱ ውስጥ አንዲት ቁጥር ዝቅ አደረግኩ። መለሰች! እልል ማለት ነው የቀረኝ። ማቀዝቀዣው መሞቅ የጀመረው እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኖሯል፤ እሁድ ደግሞ እህቴ ተረኛ አልነበረችም። ወረቀቱን አትሜ ወደ ክሊኒኩ በረርኩ፤ ኮሚቴውም አይቶ በነፃ አሰናበታት።

በማግሥቱ ልታመሰግናቸው ወርክሾፑ ድረስ መጣች። እጃቸውን ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«ቤት እየመጣህ የምታማቸው ሰውዬ እኚህ ናቸው?» አለችኝ።

አፈርኩ። ለካስ ስወዳቸው ኖሯል።

ሦስታችንም ምሳ ወጣን። ጋሽ ቀስ ሜኑውን ከዳር እስከ ዳር ሲያነቡ አስተናጋጁ ሁለቴ መጥቶ ተመለሰ። በሦስተኛው «ተዋቸው፣ ያንብቡ» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።