ለአስካለ ጉዞ ጮክ ብዬ «አሚን» ያልኩ ዕለት

እናንተዬ፣ ዛሬ ሰው በገዛ አፉ ራሱን ከውድድር ሲያስወጣ አየሁ!

ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከስሩ ልጀምርላችሁ። ያገራችንን ባህል ውጭ አገር የሚያስተዋውቅ ትንሽ ማኅበር አለን። ትርፍ የለው፣ ቢሮ የለው፣ መተዳደሪያ ደንብ ግን አለው! ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ያረቀቅሁትም እኔ ነኝ። ላፕቶፕ ላይ ተደፍቼ የከረምኩበትን አላህ ይወቀው።

አሁን ከጀርመን የባህል ፌስቲቫል ግብዣ መጣ። የጭፈራ ቡድኑን ይዞ የሚሄድ አንድ ተወካይ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይመረጣል። ዕጩዎቹ እኔና የጭፈራ አሠልጣኛችን አስካለ ነን።

በጣም ፈልጌው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ? ከደሴ አልፌ የማውቀው ኮምቦልቻን ነው። ለሰፈሬ ለሆጤ ሰው ሁሉ «ልሄድ ነው» ብዬ ነግሬ ጨርሻለሁ።

ጉባኤው ዛሬ ኮምቦልቻ ነበር። የምርጫ ስፒቼን ከደሴ በሚኒባስ ስወርድ ለብቻዬ ስለማመድ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች!

ስብሰባው ተጀመረ። ሪፖርት... ሪፖርት... ደግሞ ሪፖርት። የሶላት ሰዓት ደረሰ። የማኅበራችን የበላይ ጠባቂ ሸህ ይማም ሰዓታቸውን አዩና «በሉ ጀመዓው፣ ዱዓ እናድርግ» አሉ።

እኔ እኮ የምርጫው መክፈቻ መስሎኝ ነው!

እጃችንን ዘረጋን። አገሩን አማን ያድርገው፣ አሚን! ዝናቡን የረህመት ያድርገው፣ አሚን! የታመመውን አፊያ ያድርገው፣ አሚን! ወሎ ተወልዶ ዱዓ መሃል «ቆይ ይቺን ልመርምራት» የሚል ሰው ታውቃላችሁ? አፍ በራሱ ነው የሚሄደው።

«አስካለንም፣ ልጆቹን ይዛ ጀርመን በሰላም ሄዳ በሰላም ትመለስ!»

«አሚን!!!»

የኔ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ተሰማ።

ቀና ስል ሰው ሁሉ አስካለን እያቀፈ ነው። እሷ ራሷ «በስመአብ፣ እኔ ነኝ እንዴ?» እያለች ዓይኗ ፈጧል።

«ቆይ! ድምፅ አልሰጠንም እኮ!» አልኩ።

ሸህ ይማም ረጋ ብለው ዞሩ። «ልጄ ሀያት፣ ደንባችን ከምርቃት በኋላ ክርክር የለም አይደል የሚለው?»

ይላል።

እኔው ነኝ የጻፍኩት! «ስብሰባው በባህላችን መሠረት በምርቃት ይዘጋል፤ ከምርቃት በኋላ ክርክር አይነሳም።» ያምራል አይደል? ፈረንጆቹ ሲያነቡት ደስ እንዲላቸው ብዬ ነበር ያስገባሁት። እኔኑ ጠልፎ እንደሚጥለኝ ማን ነገረኝ?

«እሱስ ይላል ሸሃችን፣ ግን አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ ተወካይ በድምፅ ብልጫ...»

«አብሽሪ ልጄ። አሚን ስትይ ሰምቼሻለሁ። ወላሂ፣ ካንቺ በላይ የጮኸ አልነበረም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ተነስተው ወደ ሶላታቸው ሄዱ።

እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። ይሄ ምርጫ ነው ምርቃት? ሸሃችን ሶላት አስቸኩሏቸው ነው ወይስ ሆን ብለው? ሕግ ያጠናችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስረዱኝ። ይግባኝ ልበል እንዳልል፣ በዱዓ ላይ ይግባኝ የሚባለው ለማን ነው?

የሚያናድደው ደግሞ አስካለን እወዳታለሁ። እሷ ትከሻዋን ስትሰብቅ ቤቱ አብሯት ይነሳል፤ እኔ ስጨፍር ሰው «ምን ነክቷት ነው?» ይላል። መሄድ ያለባት እሷ መሆኗን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ቢሆንም ከፋኝ፣ ከልቤ ከፋኝ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ዳገቱን ስንጀምር ጠጋ አለችኝ።

«ሀያትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ... አንቺን ከሰኞ ገበያ ትልቅ ሻንጣ ገዝታለች ሲሉ ሰማሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰፈሩ በሙሉ! እኔ እኮ ሻንጣ የለኝም። ታውሺኛለሽ?»

«እሺ» አልኳት።

ይኸው አሁን ላስቲኩን እየላጥኩለት ነው የምጽፍላችሁ። እስኪ ደንብ አዋቂዎች ንገሩኝ፦ ሻንጣዬ ጀርመን ሄዶ እኔ ሆጤ የምቀረው በየትኛው አንቀጽ ነው?