ጓንት በሰኔ

(ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥላ ሥር ያለ አግዳሚ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ማንያዘዋል በአንድ የቆዳ ክሊኒክ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ አራት ዓመት ስለተቀመጠ ራሱን ከሐኪም አሳንሶ አያይም። ባለፈው እሑድ አጠገቡ ለተቀመጠው ለወጣቱ ተገኝ ሽማግሌ ሆኖ አቶ ባስልዮስ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ልጃቸውን ሰላማዊትን ጠይቆ «እናስብበት» ተብሎ ተመልሷል። ተገኝ ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እንደ ማንያዘዋል አባባል ነገር የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው።)

ማንያዘዋል፦ ጋዜጣውን ያራስከው አንተ ነህ።

ተገኝ፦ እኔ አልነካሁትም ጋሼ። ይዘውት የቆዩት እርስዎ ነዎት።

ማንያዘዋል፦ እንግዲያው ሙቀቱ ነዋ።

ተገኝ፦ ጋሼ፣ የእጅ ላብ መድኃኒት አለው? አቶ ባስልዮስ እጅ ከጨበጡ የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት ጠይቀው ሳይጨርሱ አይለቁም። እጁ እርጥብ ከሆነ ደግሞ «ይህ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ» ይላሉ።

(ማንያዘዋል እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት ደስ ይለዋል። ሙሽራው ፈርቷል ብሎ አዘነለት፤ ብዙ ግን አላዘነም።)

ማንያዘዋል፦ ዛሬ ገና ቁም ነገር ጠየቅኸኝ። መጀመሪያ ቅባት አለ፤ ማታ ደረቅ እጅ ላይ ተቀብቶ ማደር ነው።

ተገኝ፦ እሱ ካልሠራስ?

ማንያዘዋል፦ እጅን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀላል ኤሌክትሪክ መልቀቅ።

ተገኝ፦ ውኃ ውስጥ?

ማንያዘዋል፦ አይ፣ ጠላ ውስጥ። ትንሽ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። እሱም እምቢ ካለ መዳፍ ላይ መርፌ ነው፤ ሠላሳ አርባ ቦታ።

ተገኝ፦ ያማል?

ማንያዘዋል፦ ሚስት የፈለገ ወንድ ስለ መርፌ ይጠይቃል? የመጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው፤ በደረት በኩል ገብተው ነርቩን ይቆርጡታል። እጅ ይደርቃል፤ አንዳንዱን ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ጀርባውን ያልበዋል።

ተገኝ፦ ጀርባ ግድ የለም፤ አቶ ባስልዮስ ጀርባ አይጨብጡም። ግን ጓንት አይቀልም?

ማንያዘዋል፦ በሰኔ ጓንት! አንተን ብሎ ሙሽራ። እኔ ብሆን ነገ ጠዋት ተወግቼ እገላገል ነበር።

ተገኝ፦ ተመስገን፤ እንዴት አድርጌ ልንገርዎ ብዬ ተጨንቄ ነበር። (ከኪሱ ወረቀት ያወጣል) እርስዎ ክሊኒክ ተራ፣ እዚህ «ቶር» የሚሉትን፣ ይዣለሁ፤ ይኸው ወረቀቱ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ማንያዘዋል፦ ጎበዝ። አምጣው እስቲ። (ያነባል) እዚህ ላይ የእኔን ስም ምን አመጣው?

ተገኝ፦ በወጋችን ሙሽራ ሽምግልና አይሄድም ጋሼ። አቶ ባስልዮስ እሑድ የጨበጡት የእርስዎን እጅ ነው። «ልጁስ ደኅና ነው፤ ሽማግሌው ግን የሚደብቁት ነገር አላቸው» ብለዋል፤ ሰላማዊት ነገረችኝ። በሚቀጥለው ወር መልስ ለመስማት ሲመለሱ እጅዎ ካልደረቀ እኔም ሰላማዊትን አላገኛትም።

(ማንያዘዋል አፈረ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ በላብ ርሶ ግማሹ ጠፍቷል።)

ማንያዘዋል፦ ተገኝ።

ተገኝ፦ አቤት ጋሼ።

ማንያዘዋል፦ ያ ያልከው ጓንት፣ በእኔ ልክ ይገኛል?