የመልአኩ ክንፍና የጌትነት መብራት

ጥፋቱን ሁሉ በመብራት ላይ የሚያላክክ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቢሯችን ውስጥ ጎኔ ተቀምጦልኛል፤ ጌትነት ይባላል።

የአንድ የዘጌ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን በኮምፒውተር እየዞረ የሚታይ ምስል አድርገን ስንሠራ፣ ምስሉ በዞረ ቁጥር የመልአኩ ክንፍ ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብልጭ ይላል።

«መብራት ነው» አለ ጌትነት።

መብራት የመላእክትን ክንፍ መርጦ ያጠቃል እንዴ? ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ሥራውን ሊያዩት መንገድ ላይ ናቸው!

ለካ ኮምፒውተሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ስሌቱ በጥቂቱ ይስትና፣ ከክንፉ አልፎ በዚያው ፋይል አጠገቡ ካስቀመጥነው ጥቁር የሰይጣን ሥዕል ቀለም ይቀዳል። ፕሮግራሙ ላይ «ከክንፉ ድንበር ሳትወጣ ቀለም ቅዳ» የሚል ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ጥቁሩ ድራሹ ጠፋ።

መሪጌታ አገላብጠው አዩና «ተመስገን፣ ንጹሕ ነው» አሉ። እፎይ!

ይኸኔ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ጌትነት ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሁን ደግሞ ምን ነካክተህ ነው?» አለኝ።