ስድስተኛው አባል

ሰው ማኅበር የሚመሠርተው ስለሚዋደድ ይመስላችኋል? እኔ ግን ሲፈራ ነው እላለሁ። የእኛን ያቋቋመው ፍርሃት ነው። ጆሃንስበርግ በወረርሽኙ ተዘግታ፣ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ባዶ ሲቀር፣ በኮሪደሩ የገዛ ኮቴያችን የሚያስደነግጠን አምስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቀረን። ስድስተኛው በረከት ሂልብሮው በሚባል ሰፈር ከደቡብ አፍሪካዊት ሚስቱ ጋር ይኖር ነበር።

ሐሳቡ የእሱ ነው። የታሪክ ተማሪ ነውና፣ ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች፣ ነጮቹ በማይቀርቧቸው ኮሌጅ ብቸኝነቱ ሲበዛባቸው የወንድማማቾች ማኅበር እንደመሠረቱ፣ ማኅበሩም ከኮሌጅ ኮሌጅ እንደተስፋፋ በስልክ አወራልን። «እኛስ ምን ያንሰናል?» አለ። ምንም እንደማያንሰን በአንድ ድምፅ ወሰንን። አንቀጽ አንድ፦ አባል ወንድ ብቻ ነው። አንቀጽ ሁለት፦ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት በዙም ስም ይጠራል፤ የተጠራ «አቤት» ይላል። በሕይወት መኖራችንን የምናጣራበት ዘዴ ነበር፤ እንደዚያ ብለን ግን አልጻፍነውም።

በረከት ታመመ። በሳምንቱ ሞተ። ቀብሩ ላይ እንድንገኝ ከአምስታችን ለሁለታችን ብቻ ተፈቅዶልን፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሣጥን ከሩቅ አይተን ተመለስን። የሚስቱን የተምቢን መልክ እንኳ በጭምብሉ የተነሣ በቅጡ አላየሁትም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ስብሰባውን ከፈትኩ። አምስታችን እንደገባን ስክሪኑ ላይ ስድስተኛ ጥቁር መስኮት ብቅ አለ። «በረከት» ይላል።

ጸሐፊው እኔ ነኝና ስም ጠራሁ፤ የእሱን ዘለልኩት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። በሦስተኛው ማይኩ ተከፈተና ትንፋሽ ሰማን፤ ቀስ ያለ፣ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ። በመንፈስ የማያምነው የፊዚክስ ተማሪው ዳዊት ላፕቶፑን ዘግቶ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ የሚገባው ጠበል አጠገቡ አስቀምጦ ነው።

በአራተኛው አላስቻለኝም። «በረከት!» አልኩ።

«አቤት» አለ። የሴት ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ታክሲ ይዤ ሂልብሮው ሄድኩ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ዘጠኝ ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ተምቢ በሩን ከፍታ፣ ሳልቀመጥ በእንግሊዝኛ ወቀሰችኝ።

«ቡቲ፣ ሦስት ቅዳሜ ስሙን ዘለላችሁት።» ቡቲ በእነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። «እዚህ ቤት ማንም አይጠራውም። ከእናንተ አፍ ልሰማው ነበር በእሱ ስልክ የምገባው።»

መንፈስ ስንፈራ ሰነበትን እንጂ፣ ከቀብሩ ወዲህ አንዳችንም አልደወልንላትም ነበር።

«እኔንስ አባል አታደርጉኝም?» አለች። እሷም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንቀጽ አንድን ለመሰረዝ ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን፤ ሐበሻ ነንና! በመጨረሻ ገባች። ከገባች በኋላ የማላዊን፣ የኮንጎን፣ የራሷንም አገር ልጆች እየጎተተች አመጣች፤ ይኸው ዛሬ በሦስት ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ አለን፤ ሰብሳቢያችንም እሷ ናት።

ስም የምትጠራውም እሷ ናት። «በረከት» ትልና ትንሽ ትጠብቃለች። አዲሶቹ አባላት ግራ ይገባቸዋል። እኛ ግን ጆሯችንን አቁመን አብረናት እንጠብቃለን።